ዛንዚባር ልትሄዱ ነው? ስቶን ታውን፣ ኑንግዊ ወይስ ፓጄ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት

እዚህ ዓለም ገናም ሰበታም ዛንዚባር ሄዶ የመጣ ሰው እየበዛ ነው፣ የሚያገባው ለጫጉላ፣ እቁብ የደረሰው ለእረፍት፣ ልጆቻቸው ውጪ ያሉ እናትና አባት ደሞ መሀል መንገድ ላይ ከልጆቻቸው ጋ ለመገናኘት ይሄዳሉ። ልሄድ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ታዲያ ሁሌ የሚጀምረው "የትኛው ቢች ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ደሞ ቢቹን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ስንት ሌሊት እንደምታድር ወስን ነው የምለው። ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ብዙ ሀገር አለ፣ የድሮው ከተማ ስቶን ታውን ግን ሌላ ቦታ የለም፣ እና እኛ ጋ የሚሸጠው አብዛኛው ፓኬጅ ሌሊቱን በሙሉ ኑንግዊ ሆቴል ውስጥ አስቀምጦ ከተማውን በመጨረሻው ቀን ወደ ኤርፖርት ስትመለሱ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ብቻ የሚያሳይ ነው፣ ሻንጣ መኪና ውስጥ ትቶ በቀትር ፀሀይ ላብ በላብ ሆኖ ሁለት በር ፎቶ አንስቶ መውጣት። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ወገን ያደላ ነው፣ ከተማውን አስቀድሙ ነው የምለው፣ ቢሆንም የእያንዳንዱን ጥሩና መጥፎ ጎን እናገራለሁ።

መጀመሪያ አቀማመጡን እንያዝ። ዛንዚባር ታንዛኒያ ስር ሆኖ የራሱ ፕሬዚዳንት ያለው የደሴቶች ስብስብ ነው፣ ዋናው ደሴት ኡንጉጃ ይባላል፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ቱሪስቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚሄደው እዛ ነው። ስቶን ታውን በምዕራብ ዳርቻ ነው፣ ኤርፖርቱ ቅርቡ ነው። ኑንግዊና ኬንድዋ ሰሜን ጫፍ ላይ ናቸው፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ደሞ በምስራቅ በኩል ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ። ከከተማው ወደ ሰሜኑም ወደ ምስራቁም በመኪና አንድ ሰዓት ወይ ትንሽ በላይ ነው፣ እኛ ከዓለም ገና ቦሌ ለመድረስ በጦር ኃይሎች በኩል ተጨናንቀን የምንፈጀው ማለት ነው። ስለዚ "ይርቃል" የሚለው ምክንያት አይሆንም፣ ሁለት ቦታ ተከፋፍሎ ማደር በጣም ቀላል ነው።

ስቶን ታውን

ከተማው የተሰራው በኮራል ድንጋይና በኖራ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መንገዱ መኪና የማይገባበት ጠባብ፣ ሲዞሩበት የሚጠፋበት ዓይነት ነው፣ በ2000 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግን ዋናው ነገር ግድግዳው አይደለም፣ ሰዉ ነው። ስዋሂሊው አለ፣ ኦማን አረቡ አለ፣ ከጉጅራት የመጣ ህንድ አለ፣ ከኮሞሮስ የመጣ አለ፣ ዘራችን ከፋርስ ከሺራዝ ነው የሚሉ አሉ፣ ከዋናው መሬት የመጣው ደሞ ብዙ ነው፣ እና ይሄ ሁሉ ሰው ለየብቻው ሰፈር ይዞ የተቀመጠ ሳይሆን አንድ ድስት ውስጥ የገባ ነው፣ ምግቡ ላይ ታዩታላችሁ፣ ሙዚቃው ላይ ትሰሙታላችሁ፣ በሩ ላይ ተቀርጿል። የካቶሊኩ የቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል፣ መስጊዶቹና የሂንዱዎቹ ቤተ መቅደስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተራርቀው ነው ያሉት። አብዛኛው ህዝብ ሙስሊም ነው።

ታሪኩን ትንሽ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ያው ያረጀ ሰፈር ሆኖ ነው የሚታያችሁ፣ ስለዚ ባጭሩ። ፖርቱጋሎች ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ነበሩበት፣ በ1698 ኦማኖች አስወጧቸውና በፖርቱጋሎቹ ቤተክርስቲያን ቦታ ላይ ዛሬም የቆመውን ምሽግ ገነቡ። ከዛ ሱልጣን ሰይድ ሰኢድ በ1840 ዋና ከተማውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዞረ፣ አስቡት፣ አንድ የአረብ ገዢ ሀገሩን ትቶ አፍሪካ ውስጥ ያለ ደሴትን መናገሻው አደረገ ማለት ነው። ምክንያቱ ንግድ ነበር፣ ቅርንፉድ፣ የዝሆን ጥርስ እና ሰው። በ1890 እንግሊዝ በጥበቃዋ ስር አስገባችው፣ ከዛ በነሐሴ 1896 እንግሊዝ ያልፈለገችው ልዑል ዙፋኑን ቢይዝ መርከቦቿ ቤተ መንግሥቱን ደበደቡት፣ ጦርነቱ አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ አለቀ፣ በታሪክ አጭሩ ጦርነት የሚባለው እሱ ነው። ያው በኛ 1888 ማለት ነው፣ አድዋ በሆነበት ዓመት፣ ስድስት ወር ገደማ ዘግይቶ። ባህሩ ዳር ቆሜ ጋይዱ ይሄን ሲያወራ እኔ የማስበው ስለዚህ ነበር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ አፍሪካ ተራራ ላይ የሆነው እና ሌላው አፍሪካ ባህር ዳር የሆነው።

ሌላም ከኛ ጋ የሚያገናኝ ነገር አለ፣ ጋይዶቹ ካልጠየቃችኋቸው ብዙ አያነሱትም። የሰይድ ሰኢድ ልጅ ልዕልት ሳልሜ በ1866 ከአንድ ጀርመን ነጋዴ ጋ ፍቅር ይዟት ከደሴቱ ሸሸች፣ በኋላ በ1886 ትዝታዋን ጀርመን ሀገር አሳተመች፣ እዛ ላይ በአባቷ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሀበሻ ሴቶች እንደነበሩ ጽፋለች። በራሳቸው ፈቃድ የሄዱ አይደሉም፣ በባሪያ ንግዱ የተወሰዱ ናቸው። ስለዚ ባህር ዳር ያለውን የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት ስታዩ የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አታድርጉት፣ ከኛ ሀገር ሴት ልጆች እዛ ኖረው እዛ ሞተዋል። ሙዚየሙ አንዳንዴ ለጥገና ስለሚዘጋ ክፍት መሆኑን ሆቴላችሁን ጠይቁ።

የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ቤተክርስቲያን ነው ያለው። ገበያው በ1873 በሱልጣን ባርጋሽ ጊዜ ተዘጋ፣ ቤተክርስቲያኑ ወዲያው እዛው ላይ መሰራት ጀመረ፣ መንበሩ ያለበት ቦታ ሰው ታስሮ ይገረፍበት የነበረ ነው ይላሉ። ከጎኑ ጣራቸው ዝቅ ያለ ምድር ቤት ክፍሎች አሉ፣ ግቢው ውስጥ ደሞ በ1998 የተሰራ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ሐውልት አለ፣ አንገታቸው ላይ ሰንሰለት ያለ። እዚህ ቦታ ላይ ፈገግ ብሎ ሰልፊ አይነሳም፣ እባካችሁ። ከሁሉም ቦታ ቀድማችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ከዛ በኋላ ወዲያው ሌላ ፕሮግራም አትያዙ፣ ተቀምጣችሁ ውሃ ጠጡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከደሴቱ አንድ ቦታ ብቻ እይ ብባል የማየው እሱን ነው።

በሮቹን ለማየት ጋይድ አያስፈልጋችሁም፣ ግን መለየት ብትችሉ ደስ ይላል። ከላይ ቅስት ሆኖ ትልልቅ የነሐስ ጉብታ የተመታበት የህንድ አሰራር ነው፣ ጉብታው ህንድ ውስጥ ዝሆን በሩን እንዳይገፋ የተጀመረ ነው ይባላል፣ እዚህ ዝሆን የለም ጌጥ ሆኖ ቀረ። አራት ማዕዘን ሆኖ ከላዩ የቁርዓን ጽሁፍ የተቀረጸበት ደሞ የኦማን ነው። ዙሪያውን ሰንሰለት፣ አሳ፣ የቴምር ቅጠል ምናምን ተቀርጾ ታያላችሁ። ከበሩ ውጪ ግድግዳውን ተደግፎ የተሰራ የድንጋይ መቀመጫ አለ፣ ባራዛ ይሉታል፣ ሰፈርተኛው እሱ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያወራው።

ሀውስ ኦፍ ወንደርስ የሚባለው በ1883 የተሰራው ትልቁ ነጭ ህንጻ፣ በዛንዚባር መጀመሪያ መብራት የገባበት፣ በ2020 ፈረንጆቹ ገና ቀን ከፊሉ ተደርምሷል፣ ስለዚ ከውጪ ነው የምታዩት፣ ፓኬጃችሁ ላይ "መግቢያ" ብሎ ካስከፈላችሁ ጠይቁ። የኩዊን ባንድ ዘፋኙ የፍሬዲ ሜርኩሪ ቤት ሙዚየም ዘፈኑን ለሚወድ ብቻ ነው፣ ሰውየው እዚሁ በ1946 ፓርሲ ከሚባሉት ህንዶች ቤተሰብ ነው የተወለደው፣ ሌላው ሰው በውጪ አይቶት ቢያልፍ አይጎዳም።

ጋይድ ወይስ ብቻዬን ለሚለው፣ ሁለቱንም። መጀመሪያ ጠዋት መታወቂያ ካለው ጋይድ ጋ ሁለት ሦስት ሰዓት ዙሩ፣ ታሪኩን ያለሱ አታገኙትም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ብቻችሁን ግቡና ጥፉ፣ ትንሽ ከሄዳችሁ ወይ ባህር ወይ ትልቁ መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። መንገድ ላይ "ማይ ፍሬንድ" እያለ የሚከተላችሁ ልጅ ይበዛል፣ በትህትና እምቢ በሉና ሂዱ።

ማታ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው ባህር ዳር ያለው መናፈሻ የምግብ ገበያ ይሆናል። ዛንዚባር ፒዛ የሚሉት ሊጥ ውስጥ ስጋና እንቁላል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ የሚጠበስ ነው፣ ጥብስ በእንጨት የተሰካ አለ፣ የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ አለ። የባህር ምግቡ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ከሰልፉ ፊት እየጠበሰ የሚሸጠውን እንጂ ሲቀዘቅዝ የቆየውን አትብሉ፣ ዋጋም ከመብላታችሁ በፊት ነው የሚጠየቀው። ለጾመኞች ደሞ ይሄ ከተማ ከጠበቃችሁት በላይ ይመቻል፣ የህንድ እጅ ስላለበት አትክልትና ጥራጥሬው ብዙ ነው፣ ባቄላ መሰል ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፣ ድንች፣ በጥራጥሬ ዱቄት የተጠበሰ ባጂያ፣ ኡሮጆ የሚባለው ኮምጠጥ ያለ ሾርባም አለ፣ ብቻ ኡሮጆው ላይ እንቁላልና ስጋ አትጨምር ማለት አለባችሁ። እናቴን የመሰለች ጾም የማታፈርስ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ስቶን ታውን ውስጥ አትራብም፣ ቢች ሆቴል ውስጥ ግን ቡፌው ላይ ሩዝና ሰላጣ ብቻ ልትቀር ትችላለች።

ቡና ለናፈቀው፣ ጃውስ ኮርነር የሚባል የመንገዶች መገናኛ አለ፣ ወንዶቹ ተሰብስበው በትንንሽ ስኒ ጥቁር ቡና እየጠጡ ፖለቲካ ያወራሉ፣ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ተቀመጡ ይሏችኋል፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስትሉ ደሞ ወሬው ይጀመራል።

መጥፎ ጎኑን ደሞ ልናገር። ይሞቃል፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ እኛ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ የለመድን ሰዎች መጀመሪያው ቀን ይከብደናል። ለዋና የሚሆን ባህር የለውም። የድሮ ቤት ሆቴሎቹ ሊፍት የላቸውም፣ ደረጃቸው የእንጨት ቀጥ ያለ ነው፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ካለ "ምድር ላይ ክፍል አላችሁ ወይ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ታክሲው በር ድረስ አያደርስም፣ ሻንጣ ይዞ በእግር መግባት አለ። ንጋት ላይ አዛን ትሰማላችሁ፣ በቅርብ።

ኑንግዊና ኬንድዋ ወይስ ፓጄና ጃምቢያኒ

ይሄን የሚወስነው ባህሩ ራሱ ነው፣ እና ከኛ ሀገር የሚሄድ ሰው ባህር አይቶ ስለማያውቅ ማንም የማይነግረው ነገር ይሄ ነው። የህንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ምስራቁ ላይ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት ክፍላችሁ ፊት ለፊት የነበረው ውሃ ከሰዓት ስትመጡ በመቶዎች ሜትር ሄዶ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ሙሉ ጨረቃና ጨረቃ የጠፋች ጊዜ ደሞ ይብሳል። ለጫጉላ ሄደው ሙሉውን ከፍለው "ባህሩ ጠፋብን" ብለው የደወሉልኝ ልጆች አሉ፣ ማንም ስላልነገራቸው ነው። ሰሜኑ ላይ ግን መሬቱ ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል ማለት ይቻላል።

ስለዚ መዋኘት ነው የምፈልገው፣ ልጆች ይዤ ነው የምሄደው፣ ያላችሁ ሰሜን ሂዱ፣ ክርክር የለውም። ኬንድዋ ወደ ምዕራብ ስለሚዞር የፀሀይ መጥለቂያው ባህር ላይ ነው፣ ከኑንግዊ ትንሽ ሰፋ ያለ አሸዋ አለው። ኑንግዊ ሰፈሩ ትልቅ ነው፣ ሆቴሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሙዚቃ አለ፣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አሸዋው ላይ እየደጋገመ ይመጣል። እዛ ሆናችሁ አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ፣ ዳው የሚባለውን የሸራ ጀልባ በእጅ የሚሰሩ አናጢዎች ባህር ዳር ላይ አሉ፣ ከሆቴሉ አጥር ወጥታችሁ ሃምሳ እርምጃ ብትሄዱ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ሳያያቸው ይመለሳል።

ምስራቁ ደሞ የሚያምረው ለሌላ ሰው ነው። ፓጄ ወጣቶች የሚበዙበት፣ በነፋስ የሚጎተት ካይት ሰርፍ የሚማሩበት ነው፣ ነፋሱ ከሰኔ እስከ መስከረም እና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሻላል። ጃምቢያኒ ረጋ ያለ ነው፣ የአሳ አጥማጅ መንደር ነው፣ ሆቴሉና የሰዉ ቤት ተቀላቅሎ ነው ያለው። ባህሩ ሲሸሽ ደሞ ሴቶቹ ወርደው የተከሉትን የባህር አረም ይሰበስባሉ፣ እንጨት ተክለው ገመድ ወጥረው እሱ ላይ ነው የሚያበቅሉት፣ ስራው በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ነው፣ አረሙ ደርቆ ውጪ ይላክና ጥርስ ሳሙናና ምግብ ማወፈሪያ ውስጥ ይገባል። በሴት እጅ ያለ ገቢ ስለሆነ ብዙ ቤት ለውጧል፣ አሁን ግን የባህሩ ውሃ እየሞቀ ምርቱን እየጎዳው ነው። ከነሱ ጋ ውሃው ውስጥ ወርዶ የሚያስጎበኝ አለ፣ ክፈሉና ሂዱ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ውሃው ውስጥ ስትሄዱ የላስቲክ ጫማ አድርጉ፣ ጥቁር እሾሃማ ነገር አለ፣ ከተወጋችሁ ጉዞው ያበቃል።

እኔ ራሴ ምስራቁን ነው የምወደው፣ የሰዉን ኑሮ ስለሚያሳይ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር የሚያይ ሰው ምስራቅ ሂድ አልለውም፣ መዋኘት ያምረዋል፣ ልክ ነው።

ሚቻምቪ ፒንግዌ ያለው ድንጋይ ላይ የተሰራው ሬስቶራንት ኢንስታግራም ላይ ያያችሁት ነው፣ ባህሩ ሲሸሽ በእግር ሲሞላ በጀልባ ይገባል፣ ቀድሞ ቦታ መያዝ ይፈልጋል፣ ውድ ነው፣ ፎቶው ከምግቡ ይበልጣል። ኪዚምካዚ ዶልፊን ለማየት የሚለውን እኔ አልመክርም፣ ብዙ ጀልባ ተሰብስቦ እንስሶቹን ሲያሳድድ ማየት አያስደስትም፣ ኪዚምካዚ ከሄዳችሁ 1107 የሚል ዘመን የሚነገርለትን የድሮ መስጊድ እዩ፣ ከምስራቅ አፍሪካ ጥንታዊ መስጊዶች አንዱ ነው።

የግማሽ ቀን ጉዞዎች፣ አንዱን ብቻ ብትመርጡ

ሦስቱ የሚሸጡላችሁ የቅመም እርሻ፣ ፕሪዝን አይላንድ እና ጆዛኒ ጫካ ናቸው። አንድ ብቻ ከሆነ የቅመም እርሻው፣ በተለይ እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ። እኛ ሀገር ቅርንፉድ የማያውቅ ቤት የለም፣ ሻይ ውስጥ እንጨምረዋለን፣ ግን ዛፉን ያየ ማን አለ? ቅርንፉድ ያልፈነዳ አበባ ነው፣ ከዛፉ ላይ አረንጓዴና ሮዝ ሆኖ ሳለ ይለቀምና ምንጣፍ ላይ ፀሀይ ላይ ሲሰጣ ነው የምናውቀው ጥቁር ቡናማ የሚሆነው። ቀረፋ የዛፍ ልጣጭ ነው፣ ገውዝ ፍሬው ውስጥ ቀይ መረብ ለብሶ ነው ያለው፣ ቁንዶ በርበሬ ሐረግ ነው፣ ሄል ከስሩ አጠገብ ያፈራል፣ እርድና ዝንጅብሉን ቆፍረው ያሸትቷችኋል። ከሰፈራችን አንዲት እትዬ ኮረሪማን እያስታወሰች እያንዳንዱን ዛፍ "ይሄስ? ይሄስ?" እያለች ጋይዱን አላስወጣ ብላው ነበር፣ እዛ ከሄዱት ሁሉ በደንብ ያየችው እሷ ነች። ቅርንፉዱ ወደ ደሴቱ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፣ ዛሬ አብዛኛው የሚመረተው ሌላዋ የዛንዚባር ደሴት ፔምባ ላይ ነው። ማብቂያው ላይ ኮኮናት ላይ የሚወጣ ልጅ እየዘፈነ ያሳያችኋል፣ ጉርሻ ይጠብቃል፣ ስጡት። ቅመሙን ግን እርሻው ላይ በትንሽ ፓኬት ከምትገዙ ከተማ ዳራጃኒ ገበያ ላይ ግዙ፣ ይረክሳል።

ፕሪዝን አይላንድ፣ ስሙ ቻንጉ ነው፣ ከስቶን ታውን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጀልባ ይደረሳል። እስር ቤቱ በ1893 ተሰራ፣ ግን ለእስር ሳይሆን ቢጫ ወባ ለሚጠረጠር መንገደኛ ማቆያ ሆነ። አሁን የሚታየው ከሲሼልስ በ1919 በስጦታ ከመጡት አራት ኤሊዎች የተራባው ግዙፉ ኤሊ ነው፣ መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከቅመሙም ይበልጣል፣ ልጆቹ ቅጠል እያበሉ ነው የሚውሉት።

ጆዛኒ ጫካ ከዛንዚባር ውጪ የማይገኝ ቀይ ኮሎበስ ጦጣ ያለበት ነው፣ ከጫካው አጠገብ ደሞ ጨው ውሃ ላይ የሚበቅለውን ማንግሮቭ በእንጨት ድልድይ እየሄዱ ያዩታል። ለኛ ሰበታ ዓለም ገና ላለን ሰዎች ግን ልናገር፣ ሱባ መናገሻ ጫካ ጉሬዛ ያየ ሰው ጦጣው ብዙም አይገርመውም፣ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሱባን ያላየ ደሞ ከዛንዚባር ሲመለስ ይየው፣ ቅርባችን ነው።

ብር የሚቆጥብላችሁ ነገር፣ ጆዛኒ ወደ ፓጄ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ የቅመም እርሻዎቹ ደሞ ኪዚምባኒና ኪዲቺ አካባቢ ከከተማው ወጣ ብሎ ናቸው፣ ስለዚ ከስቶን ታውን ወደ ቢች ሆቴል ስትዛወሩ ሾፌሩን "እግረ መንገዳችንን አስጎብኘን" ብላችሁ አንድ ላይ ተደራደሩ፣ ለብቻ ቱር ከምትገዙ ይሻላል።

መቼ

እዚህ ላይ የኛ ሰርግ ወቅት ትልቅ ጉዳይ ነው። ዛንዚባር ላይ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ያገቡ ሙሽሮች የሚደርሱት እዚህ መሀል ነው። ሆቴሉ ይረክሳል፣ አንዳንዱም ይዘጋል፣ ሰማዩ ግን ዋስትና የለውም። የጥር ሙሽሮች እድለኞች ናችሁ፣ ይሞቃል ግን ደረቅ ነው። የሚያዝያ ሰርግ ከሆነ ሰርጉን ደግሳችሁ ጫጉላውን ሰኔ መጨረሻ ወይ ሐምሌ ላይ ብትገፉት ይሻላል፣ ያኔ እኛ ጋ ዓለም ገና ጭቃው ጉልበት ሲደርስ ኡንጉጃ ደረቅና ቀለል ያለ አየር ነው፣ ከዓመቱ ጥሩው ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ ደሞ ደቡብ ማኩንዱቺ መንደር ውስጥ ምዋካ ኮግዋ የሚባል ከፋርስ የመጣ የአዲስ ዓመት በዓል ይከበራል፣ ከገጠመላችሁ እንዳያመልጣችሁ። ኅዳር አካባቢ አጭር ዝናብ አለ፣ ያን ያህል አያስቸግርም። ረመዳን ላይ ቀን ከተማው ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ መንገድ ላይ መብላት መጠጣትም ነውር ነው፣ ማታው ግን ደማቅ ነው። ከፆመኛ ሀገር የመጣን ስለሆንን ይሄ አይከብደንም።

መንቀሳቀሻ

ዳላዳላ የሚባለው የነሱ ሚኒባስ በጣም ርካሽ ነው፣ 116 ቁጥር ኑንግዊ ይሄዳል፣ ተጠጋግቶ ነው የሚኬደው፣ ዕቃ ከሌላችሁና ጊዜ ካላችሁ ሰዉን የምታውቁበት ጥሩ መንገድ ነው። ሻንጣ ካለ በሆቴሉ በኩል የሚመጣ ታክሲ። ሞተር የሚያከራዩ አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ መንዳት በግራ ነው፣ የኛ እጅ ደሞ በቀኝ ለምዷል፣ የሀገሩ ፈቃድ ወረቀትም ይጠየቃል። ሰዓት ስትቀጣጠሩ አንድ ነገር፣ እነሱም እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፣ ጠዋት ፀሀይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ብለው ይጀምራሉ፣ ግን ለቱሪስት በፈረንጅ ይናገራሉ፣ ስለዚ "በናንተ ነው በፈረንጅ?" ብላችሁ አረጋግጡ።

እንዴት ይከፋፈል

አራት ሌሊት ከሆነ ሁለት ስቶን ታውን ሁለት ሰሜን። ስድስት ከሆነ ሁለት ወይ ሦስት ከተማ፣ የቀረው ቢች፣ ከፈለጋችሁ ሰሜንና ምስራቅ መክፈል ይቻላል ግን ለሦስት ቦታ ሻንጣ መጠቅለል ያደክማል። ከተማውን መጀመሪያ አድርጉት፣ ቢች ላይ ተዘርግቶ የከረመ ሰው ጠባብ መንገድ ውስጥ ሙቀት ላይ መዞር አያምረውም። እናትና አባት ይዘው የሚሄዱ ሦስት ሌሊት ከተማ፣ ከዛ ጃምቢያኒ ረጋ ያለ ቦታ። ጓደኛሞች ፓጄ። ሙሽሮች ስቶን ታውን ጣራው ላይ እራት የሚበላበት ሆቴል ሁለት ሌሊት፣ ከዛ ኬንድዋ። ፓኬጅ የምትገዙ ከሆነም "ሁለት ሌሊቱን ስቶን ታውን አድርጉልኝ" ማለት ትችላላችሁ፣ ይቀይሩላችኋል፣ የከተማው ክፍል ብዙ ጊዜ ከቢቹ ስለሚረክስ ዋጋውም እንዲቀንስ ጠይቁ።

ልብስ፣ ከተማና መንደር ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን፣ ለሴትም ለወንድም፣ ዋና ልብስ አሸዋው ላይ ብቻ። ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለፀሀይም ለመስጊድ አካባቢም ይሆናል።

ወረቀት፣ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር በቀጥታ በረራ አለ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዳሬሰላም በፈጣን ጀልባም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ግን ዳሬሰላምን ማየት ካልፈለጋችሁ ድካሙ ለምን። ቪዛውን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኛ ሀገር ለሚሄድ ይጠየቃል፣ ክትባቱ ከጉዞው አስር ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የዛንዚባር ኢንሹራንስ ለውጪ ጎብኚ ግዴታ ሆኗል፣ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም፣ ኦንላይን ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ፓኬጁ ውስጥ ተካቷል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ፌስታል ይዞ መግባት ታንዛኒያ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ በሶና ቆሎውን በጨርቅ ቦርሳ ወይ በዕቃ አድርጉት።